ቅዳሜ የምትመጣው ሴት

ላምበረት፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለኤጀታ፤

የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ቤትህ ደህና ነው። ናፍቆት ሰላም ብላሃለች፤ ልጅህን ማለቴ ነው፤ የእኔን ናፍቆት ወረቀት አይችለውም። አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ በልጦኛል። ያንን ቡኒ ጃኬትህን ለብሳ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። ለወንድ የተሰፋ ነው፣ አውልቂው ብላት "አባዬ አባዬ ይሸታል" ብላ አንገቷን ትቀብርበታለች።

መልሴ የዘገየው በመንገዱ ነው። ተዘግቶ ስለ ነበር ጓደኛህ ጉተማ ሦስት ሳምንት ሙሉ አውቶቡሱን መናኸሪያ አቁሞ ሲያጥበው ከረመ። ነገ ይወጣል ተብሏልና ይህን ይዞልህ ይመጣል። ስልክ ለማይገባበት ሰው ሾፌር ጓደኛ ማለት ፖስታ ቤት ነው፤ ያውም ሲሻው የሚከፍት፣ ሲሻው የሚዘጋ።

ስለ ይግባኙ ጠይቀኸኛል። ቀጠሮው ጥር 14 ነው። ማመልከቻውን እኔው በእጄ ጻፍኩት፤ ጠበቃው አንብቦ አንዲት ቃል አልነካም። አሥራ አራት ዓመት ወረዳ መዝገብ ቤት የተቀመጥኩት ለዚህ ኖሯል። አደጋው የደረሰው ፍሬኑ ድንገት ተበጥሶ እንጂ በሾፌሩ ጥፋት እንዳልሆነ ሦስት ቦታ ላይ አስገብቼዋለሁ። ጉተማም አንድ መካኒክ አግኝቷል፤ ቀርቦ ይመሰክራል። ለሞተው ሰው ልቤ ያዝናል፤ ግን ፍሬን የእግዚአብሔር እንጂ የሰው አይደለም። የሴቶች ኅብረታችን ላንተ የሃያ አንድ ቀን ጾም ይዟል። እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ ባለቤቴ ያለ ጥፋቱ ታስሯል፣ ጌታ ያወጣዋል ብዬ መሰከርኩ። ጉባኤው ሁሉ አሜን አለ። ለፋሲካ ቤትህ ነህ። እኔ በዚህ ተስፋ ነው ውዬ የምገባው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጉተማ መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቅዳሜ ሊጠይቅህ ሲመጣ አንዲት ሴት ምግብ ይዛልህ አጥሩ ጋ ቆማ አገኘሁ አለኝ። ማናት ብለው ስለ ጎማ ያወራልኝ ጀመር። ጉተማ ስለ ጎማ ማውራት ከጀመረ የደበቀው ነገር አለ። ማንም ትሁን እግዚአብሔር ይስጣት፤ በሰው አገር ለታሰረ ምግብ መያዝ ትልቅ ጽድቅ ነው። ስሟን ጻፍልኝና በጸሎት እናስባት።

ዕድሜዋንም ጨምርበት።

ሚስትህ ዶርቃ


ከማረሚያ ቤት፣ ኅዳር 19 ቀን 2017

ውድ ዶርቃ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እንዳንቺ አልጽፍም፤ እጄ መሪ እንጂ ብዕር አልለመደም።

ስለ ወገቤ አታስቢ። መሬት ላይ መተኛቱ ከሾፌር ወንበር ሳይሻለው አልቀረም። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው፤ የእንጦጦ ንፋስ እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ናፍቆት ጃኬቱን ትልበሰው። የቀኝ ኪሱ ቀዳዳ ነው፤ ቁልፍ እንዳታስቀምጥበት ንገሪያት።

ደስ የሚልሽ ወሬ አለኝ። መጸለይ ጀምሬያለሁ። ጠዋት ጠዋት ከቆጠራ በኋላ አጥሩ ሥር እንበረከካለሁ። መጀመሪያ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር፤ ዝም ብዬ እንበረከክና እነሳለሁ። አሁን ትንሽ ትንሽ እናገራለሁ። ቃሉንም አነባለሁ። እዚህ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ትልልቅ ፊደል ያለው ካገኘሽ ላኪልኝ።

ለጠየቅሽኝ፤ ሰርክ ትባላለች። ሽንኩርት ትሸጣለች። ያንበረከከችኝ እሷ ናት። ሌላውን አሁን አልጽፍልሽም። ልሸሽሽ ፈልጌ አይደለም፤ እንዴት ተደርጎ እንደሚጻፍ ስለማላውቅ ነው።

መካኒኩን ደግሞ ጉተማ ለጊዜው እንዳያነጋግረው ንገሪልኝ።

ኤጀታ


ላምበረት፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017

ሰላም ላንተ ይሁን፤

ደብዳቤህን መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት። መጸለይ ጀምሬያለሁ የሚለው ላይ ስደርስ ከሰልፉ ወጥቼ ተንሰቀሰቅኩ። አንዲት ሴትዮ ሰው የሞተብኝ መስሏት ውሃ ገዝታ ሰጠችኝ። ውሃውን ጠጥቼ ቀጥዬ ሳነብ እንባዬ ደረቀ።

አሥራ ሰባት ዓመት፣ ኤጀታ። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች "ይህን ሰው አታግቢ፣ አያምንም" ሲሉኝ እኔ አመጣዋለሁ ብዬ ነው ያገባሁህ። እሑድ እሑድ ሸሚዝህን ተኩሼ አልጋው ላይ እዘረጋልህ ነበር፤ አንተ እሱኑ ለብሰህ ኳስ ልታይ ትወጣለህ። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ከኅብረቱ ጓደኛዬ ከጂቱ ጋር እንጦጦ ወጥተን፣ ከራጉኤል በታች ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ ጠጠሩ ላይ ተንበርክኬ ስምህን ስጠራ ኖሬያለሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ምእመናን ሲያልፉ ያዩኛል፤ አንዳንዶቹ ለይተው አውቀውኛል፤ አንዲት አሮጊት "ያ ሰውዬሽ ገና ነው?" ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ። ጂቱ ስንት ዓመት አብራኝ ጸልያ አንድ ቀን ሰልችቷት ድንጋይ ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር አለችኝ።

አሁን አንዲት ሽንኩርት ሻጭ በስንት ቅዳሜ ጨረሰችው? በአራት? በአምስት?

ቅናት ነው ብትለኝ አዎ፣ ቅናት ነው። የአምላክ ሥራ ነው ብዬ ደስ እንዲለኝ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነም። እኔ ተራራው ላይ ስምህን በምጠራበት ሰዓት እሷ በአጥሩ በኩል ትጠራህ ኖሯል። እግዚአብሔር የእኔን ልመና ሰማና መልሱን በእሷ እጅ ላከው። የእኔ እጅ ምን ሆነ?

ከዚህም የባሰ አለ። ለኅብረቱ ሴቶች ባለቤቴ መጸለይ ጀምሯል ብዬ ነገርኳቸው። እልልታው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ጂቱ ማን መሰከረለት ብትለኝ "እኔ፣ በደብዳቤ" አልኳት። አፌ ቀድሞኝ ወጣ። በጸሎት ቤት ውስጥ፣ ገና ከጸሎት ተነሥቼ ጫማዬን ሳላጠልቅ፣ ዋሸሁ።

ይህች ሰርክ ከእኛ ናት? አጥቢያዋ የት ነው? ስትፈታስ እሑድ የት ልትቆም ነው፣ እኛ ጋ ወይስ እሷ ጋ? ዕድሜዋን አሁንም አልጻፍክም። መልክ ከሌላት እሱንም ጻፍልኝ፤ ካላት ተወው።

ትልልቅ ፊደል ያለውን ልኬልሃለሁ። ለጉተማ ግን ምንም አልነገርኩትም። ምን አስበህ ነው?

ዶርቃ


ከማረሚያ ቤት፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017

ዶርቃ፤

ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ናፍቆት አጠገብሽ ካለች ቆይተሽ አንብቢው።

ሰርክ ከእናንተ አይደለችም። አንገቷ ላይ ማተብ አላት፣ የማርያም ማኅበርተኛ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ስለ መልኳ የምነግርሽ የለኝም፤ ቀና ብዬ ያየኋት በሦስተኛው ቅዳሜ ነው፣ ያኔም ያየሁት ጥቁር ልብሷን ነው።

የይመር ሚስት ናት። እኔ ገጭቼ የገደልኩት የይመር።

መጀመሪያ ቀን ፖሊሱ ጠያቂ አለህ ሲለኝ ጉተማ መስሎኝ ወጣሁ። አጥሩ ጋ ቆማ ፊቴን አየችና ሄደች። ማን እንደሆነች የነገረኝ ፖሊሱ ነው። በሳምንቱ ዳቦ ይዛ መጣች፤ ሰጥታኝ ሄደች። መርዝ ያለበት መሰለኝና አልበላሁትም። አብሮኝ የታሰረው ዱቤ "መርዝም ከሆነ ትኩስ ነው" ብሎ ጨረሰው። ምንም አልሆነም።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

"ፍሬኑ እውነት ተበጥሶ ነው? ልጆቼ ሲያድጉ ይጠይቁኛል። የምነግራቸው እንዳጣ አታድርገኝ።"

ዶርቃ፣ ፍሬኑ አልተበጠሰም። ያን እሑድ ደብረ ሲና ምሳ ላይ አረቄ ጠጥቻለሁ፤ አንድ መለኪያ ብቻም አይደለም። ቁልቁለቱን በደህና ወርጄ ሜዳው ላይ ስደርስ ዓይኔ ተከደነ። ስነቃ ሰውዬው ወድቋል፤ ተሸክሞት የነበረው ሽንኩርት አስፋልቱን ሞልቶታል። ለፖሊስ ፍሬን አልኩ። ለዳኛው ፍሬን አልኩ። ላንቺም ፍሬን አልኩሽ። ለእሷ ለማለት አፌን ከፍቼ አልወጣልህ አለኝ። እውነቱን ነገርኳት።

አልጮኸችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሄደች። ሁለት ቅዳሜ ቀረች። ከዚያ መጣችና "ጠልቼህ ልኖር ሞከርኩ፤ ጸሎቴን አበላሸብኝ። እግዚአብሔር ይፍታህ፣ እኔም ፈትቼሃለሁ" አለችኝ። ጉልበቴ የታጠፈው ያን ቀን ነው። እንግዲህ ያንቺ አሥራ ሰባት ዓመት የት እንደገባ እኔ አላውቅም፤ ምናልባት ያን ጉልበት ያደከመው እሱ ይሆናል።

ይግባኙን አነሳለሁ። መካኒኩ ያላየውን እንዲምልልኝ አልፈልግም። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይቀረኛል። ይቅር በዪኝ።

ኤጀታ


ላምበረት፣ ጥር 6 ቀን 2017

ኤጀታ፤

ሰላምታ ልጽፍ ሞክሬ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ስለዚህ ያለ ሰላምታ ነው።

መጠጣትህ አይደለም የገደለኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሚስትህ የሆንኩት እኔ ፍሬን ተሰጠኝ፤ ከአጥር ማዶ የቆመችው ሴት በሦስተኛ ቅዳሜዋ እውነቱ ተሰጣት። እሱ ነው የገደለኝ። ለእኔ ለመናገር አፍህ እሺ ብሎህ የማያውቀውን ለእሷ እንዴት እሺ አለህ?

ሌላ ሴት ወድደህ ቢሆን አውቅበት ነበር። መጥቼ ሰው ሰብስቤ አዋርዳት ነበር። ይህችን በምን ልጣላት? ባሏን ገድለህባት ዳቦ ጋግራ ለምታመጣ ሴት ምን ስም ይወጣላታል? የእህቴ ሠርግ ላይ ሰክረህ በሽማግሌዎቹ ፊት ያዋረድከኝን ታስታውሳለህ? እሱን ስምንት ዓመት ይዤ ኖሬያለሁ፤ እስካሁንም እጄ ላይ ነው። እሷ የባሏን ደም በአምስት ወር ለቀቀች። ስለ ቅድስና ትምህርት የምሰጠው እኔ፣ የያዘችው እሷ። በዚህ ነው የምቀናው። ሰው በሌላ ሰው ልብስ ይቀናል፣ በቤቱ ይቀናል፤ በይቅርታው የቀናሁ የመጀመሪያዋ ሴት ሳልሆን አልቀርም።

የእኔስ ቤት? ናፍቆት አባቴ ለፋሲካ ይመጣል ብላ ለክፍል ልጆች ሁሉ አውርታለች። ምን ልበላት? መድረክ ላይ ቆሜ ያለ ጥፋቱ ነው ያልኩትን ጉባኤ በምን ፊቴ ልየው? አንተ ከእሷ ጋር ንጹሕ ልትሆን ነው፣ ውርደቱን እዚህ የምሸከመው እኔ ነኝ።

ይግባኙን አታንሳ። መካኒኩ ባይኖርም ቢያንስ ቀጠሮው ይድረስ። እለምንሃለሁ። እሷ ለምናህ ከሆነ የምትተወው ደግሞ ንገረኝና ልወቀው።

ዶርቃ


ከማረሚያ ቤት፣ ጥር 22 ቀን 2017

ዶርቃ፤

ጥር 12 ቀን ይግባኙን ትቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በማግስቱ ነው። ቀድሞ ቢደርሰኝም እፈርም ነበር፤ እንዳልዋሽሽ።

ሰርክ አልለመነችኝም። ይግባኝ እንዳለም አታውቅም ነበር። ስነግራት "ታዲያ ልጅህስ?" ነው ያለችኝ።

ለናፍቆት እኔው ጽፌላታለሁ። ከዚህ ጋር ታሽጎ አለ። ሁሉንም ነግሬያታለሁ። አንቺ አትክፈቺው፤ አንዳንዱን ነገር አባት ራሱ መናገር አለበት።

ከትልቁ ደብዳቤ በኋላ በጉተማ እጅ የላክሽው ቁራጭ ወረቀትም ደርሶኛል። አንድ መስመር ብቻ ነው ያለበት፤ አሥር ጊዜ አነበብኩት። ያን ቀን ከደብረ ሲና ለምን እንደደወልኩልሽ ነው የጠየቅሽኝ።

ቁልቁለቱን ፈርቼ ነው። ራሴን አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ሆኜ መንዳት እንደሌለብኝ አውቄያለሁ። ለራሴ ማለት ስላቃተኝ አንቺ "አትንዳ" እንድትዪኝ ነው የደወልኩት። "እመቤት፣ ምሳ በላሽ?" አልኩሽ። ጸሎት ሊጀመር ነው ብለሽ ዘጋሽው።

ልወቅስሽ ብዬ አልጻፍኩትም። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጠየቅሽኝ፣ መለስኩልሽ።

ኤጀታ


ላምበረት፣ የካቲት 27 ቀን 2017

ኤጀታ፤

አንድ ወር ዝም ያልኩህ ተቀይሜ አይደለም። ሰላም ላንተ ይሁን፤ ለእኔም ይሁን።

እመቤት የምትለኝ ስትጠጣ ብቻ ነው። ሳትጠጣ እንዲያ ብለህ ጠርተኸኝ አታውቅም፤ ዶርቃ ነው የምትለኝ። ያን እሑድ ገና እመቤት ስትለኝ አውቄያለሁ። ከኋላህ ረዳቱ ተሳፋሪ ሲጠራ ይሰማኛል፤ ሰው እንደጫንክም አውቄያለሁ። ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ከሰካራም ባል ጋር ስጨቃጨቅ እንዳይሰሙኝ አፍሬ ዘጋሁት። ገብቼም ስለ ተቀደሰ ኑሮ አስተማርኩ፤ በጣም ጥሩ አድርጌ አስተማርኩ፤ ጂቱ አለቀሰች። እኔ እዚያ ስናገር ይመር ሽንኩርቱን ተሸክሞ መንገድ ሊሻገር እየመጣ ነበር።

ስለዚህ አደጋው ሲደርስ ፍሬን ነው ብለህ ስትልክብኝ አመንኩ ማለት አልችልም። አጥብቄ ያዝኩት ነው የምልህ። ፍሬን ከሆነ አንተም ነፃ፣ እኔም ነፃ። ማመልከቻው ላይ ሦስት ጊዜ የጻፍኩት ለዳኛው ብቻ መስሎህ ነው?

ወደ መጋቢ ሲሞን ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ "መድረኩ ላይ የወጣሽው አንቺ ነሽ፣ የምትወርጅውም አንቺ ነሽ" አለኝ። ለሴቶቹ ነገርኳቸው፤ ስልኩንም፣ ፍሬኑንም፣ በደብዳቤ እኔ መሰከርኩለት ያልኩትንም። አንዲት እናት ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ፤ የቀሩት አንገታቸውን ደፉ። ጂቱ እስካሁን አላናገረችኝም፤ አብራኝ ጠጠር ላይ የተንበረከከች ናትና አልፈርድባትም። ኅብረቱን አሁን በእኔ ቦታ ገላና ነው የምትመራው። ከእኔ የተሻለ ትመራለች። በእሱም ቀናሁ፤ ልደብቅህ አልፈልግም።

አሁን ዋናውን ይቅርታ ልጠይቅህ። ባለፈው ሳምንት ከተማችሁ መጥቼ ሳላይህ ተመልሻለሁ።

የመጣሁት ወደ ሰርክ ነው። ሽንኩርት ተራ ጠይቄ ቤቷን አሳዩኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እግሬ እስኪደርስ ድረስ በልቤ የነበረው መልኳን ማየት ነው። ቆንጆ ናት። ሳትነግረኝ በመቅረትህ አመሰግናለሁ። ማን ልበል ስትለኝ የኤጀታ ሚስት ነኝ አልኳት። ፊቷ አልተለወጠም፤ ዱካ ስባ አስቀመጠችኝ። ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ፣ ስለ ናፍቆት ጠየቀችኝ። ላመሰግናት የመጣሁ ሳይመስላት አልቀረም። ግድግዳው ላይ የይመር ፎቶግራፍ አለ፤ የእግር ኳስ ማሊያ ለብሶ ይስቃል። እሱን እያየሁ የስልኩን ነገር ነገርኳት።

"አትንዳ ብትዪው ይቆም ነበር?" አለችኝ።

ዓይኗን ላለማየት ብዙ ሞከርኩ። "ይቆም ነበር" አልኳት።

እጇ ላይ የነበረውን ጣሳ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ቃሏን እንዳለ ነው የምጽፍልህ።

"ለባልሽ ይቅር ለማለት አምስት ወር ፈጅቶብኛል። አንቺን ዛሬ ነው ያወቅኩሽ። አሁን ሂጂልኝ።"

ወጣሁ። ደጃፏ ላይ ግንቡን ይዤ ቆምኩ። እግዚአብሔርን መፍራት ስለሚባለው ነገር ስንት ዓመት ተናግሬያለሁ፤ ያኔ ገና ደረሰብኝ። ከዚያ ወዳንተ መጣሁ። ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ስሜን አስመዝግቤ ሰልፍ ያዝኩ፤ ተራዬ ሲደርስ ትቼው ሄድኩ። አንተ ይቅር የተባልክ ሰው ነህ። እኔ ገና ነኝ። እስካሁን በእሷ ስቀና ነበር፤ ያን ቀን ባንተ ቀናሁ፤ ይኼኛው የባሰ ነው።

አደራህን አትለምንልኝ። ስሜንም አታንሳባት። ስትፈታ እሑድ የት ትቆማለህ ብዬ የጠየቅኩህንም እርሳው፤ እሱን የመጠየቅ አፍ የለኝም።

ዶርቃ


ከማረሚያ ቤት፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017

ዶርቃዬ፤

ናፍቆት መልስ ጽፋልኛለች። አራት ገጽ ነው። ሦስቱ ገጽ ስድብ ነው፤ በጨዋ ቃል የተሰደበ ስድብ፣ አንቺን ትመስላለች። አራተኛው ላይ "ለማንኛውም ጃኬቱን አላወለቅኩም" ትላለች። እሱን ገጽ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነው የምውለው።

በር ላይ ደርሰሽ መመለስሽን ያወቅኩት ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ነው። ፖሊሱ ስምሽን መዝገብ ላይ አይቶ ነገረኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አሁን ገባኝ፣ አልተቀየምኩም።

ሰርክ አምስት ቅዳሜ አልመጣችም። እንዳዘዝሽኝ አፌን ዘጋሁ። ዱቤ ዳቦው ቀረብን ብሎ ይነጫነጫል። ዛሬ መጣች። ከስታለች። የያዘችውን ሰጠችኝ። ልትሄድ ነው ስል ዞር ብላ "ባለቤትህ የድግስ ሥራ ትችላለች?" አለችኝ። ለጉባኤ ሦስት መቶ ሰው የሚበላውን ስታሠራ አይቻለሁ አልኳት።

"ግንቦት 11 የይመር ሙት ዓመት ነው" አለች። "ሁለት ቀን ቀደም ብላ ትምጣ። ማንነቷን ለዘመዶቹ አልደብቅም። እንደ እንግዳ አላስቀምጣትም፤ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ትሥራ። መቆም ከቻለች።"

ይቅር ብያታለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኩም።

እናንተ ተዝካር እንደማታወጡ አውቃለሁ። ከሴቶቹ መካከል የይመር እናትና እህቶችም ይኖራሉ። ነዪ አልልሽም፣ ቅሪም አልልሽም። የነገረችኝን ነገርኩሽ።

እርሳው ብትዪኝም ልመልስልሽ። እሑድ የት እንደምቆም ገና አላውቅም። እንደምቆም ግን አውቃለሁ።

ኤጀታህ


ላምበረት፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017

ኤጀታዬ፤

ሰላም ከልቤ ይድረስህ። ፋሲካ ያላንተ አለፈ። ናፍቆትና እኔ ምሳ ላይ ብዙ አልተነጋገርንም፤ ግን ከአንድ ሳህን ነው የበላነው፣ ያም ትልቅ ነገር ነው።

ለመጋቢ ሲሞን የሰርክን መልእክት ነገርኩት። ሄደሽ ምን ልትሠሪ ነው አለኝ፤ ድስት ላጥብ አልኩት። "እጠቢ" አለኝ። ጂቱ ወሬውን ሰምታ መጥታ ነበር። ደጅ ላይ ቆማ አንዲት ትልቅ ሽርጥ ሰጠችኝና ሳትገባ ሄደች።

እፈራለሁ። የይመር እናት ፊት ውሃ ይዤ ጎንበስ ማለቱን እፈራለሁ። የገዳዩ ሚስት ይሉኛል፤ ልክ ነው። እሷም ታውቅ ነበር ይሉኛል፤ እሱም ልክ ነው። ሌላ ስም ይዤ የምገባበት በር የለኝም።

ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ብትለኝ አልለቀቀኝም። ቤት ትቼው የምመጣበትን ዘዴ ስፈልግ ከረምኩ፤ አጣሁለት፤ ይዤው እመጣለሁ። እሷ አንተን በስምህ ስትጠራህ ስሰማ ሆዴ ይቃጠላል፤ አውቀዋለሁ። ቢቃጠልም ድስቱን ማጠብ ይቻላል።

ቅዳሜ ግንቦት 9 ጠዋት በጉተማ አውቶቡስ እንነሳለን። እንነሳለን ያልኩህ ናፍቆት እኔም እመጣለሁ ስላለችኝ ነው። ልከለክላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። አንተን ለማየት ነው ወይስ እነሱን ብላት "አላውቅም፣ እዚያ ስደርስ አውቃለሁ" አለችኝ።

ለሰርክ የምትነግርልኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ትመጣለች በላት። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ የእሷ ነው። የእኔ መምጣት ነው።

ሚስትህ ዶርቃ